ክኒኗና የባለቤቴ ቅሪቦ

እንሽላሊቷን አልበላኋትም፤ ጠጣኋት እንጂ። ይህን አስቀድሜ ማስተካከል አለብኝ፤ ምክንያቱም ወሬው አሶሳን ዞሮ ዞሮ እኔው ዘንድ ሲመለስ «ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር እንሽላሊት ጠብሶ በላ» ሆኖ ነበር የደረሰኝ። ውሸት ነው። የባለቤቴ እህት ናት ከወለጋ ድረስ በጠርሙስ ይዛት የመጣችው። አረቄ ውስጥ ተዘፍዝፋ የከረመች እንሽላሊት ናት። ሰካራሙ ሳያውቅ ይጠጣታል፤ ከጠጣ በኋላ ያሳዩታል፤ አንጀቱ ይገለበጥና መጠጥ የሚባል ነገር ዕድሜ ልኩን ይጠላል። መድኃኒቱ ይኸው ነው።

ጠጣሁ። ባለቤቴ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ ጅራቷን አሳየችኝ። እህቷ ደግሞ ትውኪያዬን የምትቀበልበት ሳፋ ይዛ አጠገቤ ተገትራለች። እኔም አየኋት። ሆዷ ነጥቷል፤ እግሮቿ ዋና እንደሚለማመድ ሰው ተዘርግተዋል።

«ምስኪን! ቢያንስ ተደስታ ነው የሞተችው» አልኩ። ቀጥዬም «ሌላ የለም?» ብዬ ጠየቅሁ።

እነሱ አልሳቁም። ባለቤቴ ጠርሙሱን አስቀምጣ በኦሮምኛ አምላኳን ጠርታ «ያ ዋቃ! ይህ ሰው የሚጸየፈው ነገር አልቆበታል» አለች። እህቷም ባዶ ሳፋዋን ይዛ ወጣች።

ልክ ነበረች። ሰው እንዴት እንደሚሰክር ብዙ ተወርቷል፤ እንዴት መጸየፍ እንደሚያቆም ግን ማንም አይነግርህም። እኔ፣ ጥፍሩን ሳይቆርጥ የመጣ ተማሪ ከክፍል አስወጣ የነበርኩት ሰውዬ፣ መለኪያዬ ውስጥ የሰመጠች ዝንብ በጣቴ አውጥቼ፣ ጣቴን ልሼ፣ የቀረውን እጨልጥ ነበር። ትራሴ ላይ ካስመለስኩ ትራሱን ገልብጬ በሌላው ጎኑ እተኛለሁ። ትራስ ሁለት ጎን የኖረው ለምን ይመስላችኋል? ኮቴን ያሸተተ ውሻ ያስነጥሳል። የዓለምን ወንዞች ከነምንጫቸው በቃሌ አውቃለሁ እያልኩ፣ ከገበያው ጀርባ ካለው አረቄ ቤት እስከ ቤቴ ያለችውን አንዲት ቀጭን ቦይ ግን ሳልገባባት ያለፍኩበት ቀን ጥቂት ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ከአረቄ የለየኝ ነገር አልነበረም። እንድለይ ያስገደደችኝ ልጄ ናት።

ያለችን እሷው ብቻ ናት። ባምባሲ ታስተምራለች፤ እዚያው አግብታ የመጀመሪያዋን አርግዛ ነበር። እኔ የመጣሁት ከጎጃም ነው፤ ባለቤቴ ከወለጋ ናት። በብዙ ነገር አንስማማም፤ እኔ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተሳልሜ የምመለስ ኦርቶዶክስ፣ እሷ ጸሎት የማይቀርባት ጴንጤ። በአንድ ነገር ግን ሁለቱም አገር ይስማማል፦ ሴት ልጅ የመጀመሪያዋን ስትወልድ የምትታረሰው እናቷ ቤት ነው። እናቷ በሕይወት እያለች አማቷ ቤት የታረሰች ልጅ ካለች፣ ያቺ እናት ምን ሆና ነው ተብሎ እስከ መቃብር ይጠየቃል።

ልጄ አንድ ቅዳሜ መጣችና ሆዷን ደግፋ በር ላይ ቆመች። ግቢ ስንላት አልገባችም።

«እማዬ፣ እዚህ አልታረስም» አለች። «ልጄ መጀመሪያ የሚያሸተው ነገር ይሄ ሽታ እንዲሆን አልፈልግም። አማቴ እሺ ብላኛለች። አባዬ፣ አትቆጣ።»

«ምን አቅም አለኝና ነው የምቆጣው?» አልኩ። እውነቴን ነው፤ ለመነሳት ራሱ ግድግዳ ያስፈልገኝ ነበር።

ባለቤቴ ልጇ እስክትርቅ ጠብቃ ነጠላዋን ለበሰች፤ ባጃጅ አስቆመች፤ እኔን እንደ ከሰል ጆንያ አስገባችኝና ሆስፒታል ወሰደችኝ።

የአእምሮ ሕክምና ክፍል የተቀበለችን ሲስተር ከልጄ የምታንስ ናት። አፍንጫዋን አልያዘችም፤ መስኮቱን ግን ከፈተችው። ጨዋነቷን በዚያ አወቅሁ።

«ጋሼ፣ ጠዋት ሳይጠጡ ሲነሱ እጅዎ ይንቀጠቀጣል?»

«ጠጥቼም ይንቀጠቀጣል ሲስተር፤ ያኔ ግን አይታየኝም።»

አልሳቀችም። ያን ሰሞን ቀልዴን የሚገዛኝ አጥቼ ነበር። ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የጠጣ ሰው በራሱ ጊዜ በአንዴ ቢያቆም ሊሞት እንደሚችል ነገረችን። ተኝቼ፣ የሚያረጋጋ መድኃኒት እየተሰጠኝ፣ መድኃኒቱም ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው የምላቀቀው። ተኛሁ። ስለዚያ ሰሞን የማስታውሰው ትንሽ ነው፦ ላቤ አንሶላውን አልፎ ፍራሹን ሲያጥብ፣ ከግድግዳው የሚፈልቁትን ጉንዳኖች በመዳፌ ስጠርግ፣ አጠገቤ የተኛው ሰው «ጉንዳን የለም እኮ አባባ» ሲለኝ፣ እኔ ደግሞ «ዓይን የለህም እንዴ?» ብዬ ስቆጣው። ጉንዳኖቹ ሲጠፉ ሲስተሯ ሁለታችንንም አስቀምጣ ዋናውን ነገር አስረዳችን።

መጠጥ ላቆመ ሰው መድኃኒቱ አንድ ዓይነት አይደለም አለች። አንደኛው የመጠጡን ደስታ ያደበዝዘዋል፤ ብትጠጣም ያ የምትፈልገው ሙቀት አይመጣልህም። እንዴት ያለ ጭካኔ ነው አልኩ በልቤ። ሌላው የጥማቱን ጩኸት ያበርዳል። ሁለቱም ያን ጊዜ አሶሳ አልተገኙም። የተገኘው ሦስተኛው ነው። ዳይሰልፊራም ይባላል፤ ስሙ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዘ የሩቅ አገር ጄኔራል ይመስላል፤ ጠባዩም እንደዚያው ነው። ክኒኗን የዋጠ ሰው አልኮል ከቀመሰ ፊቱ ይቀላል፤ ልቡ ይደልቃል፤ ጭንቅላቱ ይወቀራል፤ ያስመልሰዋል። ልቡ ለታመመ ሰው አደገኛ ስለሆነች ልቤም ጉበቴም ተመረመረ። ጉበቴ እንዳለ ሲነገረኝ ገረመኝ።

«ደግሞ» አለች ሲስተሯ ባለቤቴን እያየች፣ «ይህን መድኃኒት ሰውየው ሳያውቅ ምግቡ ውስጥ መጨመር ክልክል ነው። ሰው ይሞታል። ጋሼ አውቀው፣ ወደው ነው የሚወስዱት። እሳቸው ሲውጡ እርስዎ አጠገባቸው ይቆማሉ እንጂ አይደብቁም።»

ባለቤቴ አንገቷን ሰበረች። እንሽላሊቷ ትዝ እንዳለቻት ገባኝ።

«ቢያቋርጧትም ወዲያው ከሰውነት አትወጣም። ሁለት ሳምንት ያህል እዚያው ናት» ብላ የሚከለከለውን ዘረዘረች። አረቄ፣ ጠጅ፣ ጠላ፣ ቢራ፣ ቦርዴ። ባለቤቴ በየስሙ «አሜን» እንደሚባልበት ጸሎት ራሷን ትነቀንቃለች። ሽሮፕ ሳልጠይቅ እንዳልወስድ፤ ፀጉር ቤት አልኮልና ሽቶ እንዳልቀባ፤ የእጅ ማጽጃውንም እንድተወው። «ሌላ እቤት የሚጠጣ ነገር አለ?» አለች በመጨረሻ።

እኔና ባለቤቴ ተያየን። «ሻይ ነው ሲስተር» አለች ባለቤቴ። «ሻይና ውሃ።» እኔም ሻይና ውሃ ብዬ መሰከርኩ።

እንዲህ ሆኜ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። በየጠዋቱ ባለቤቴ ክኒኗንና ውሃውን ይዛ ከአልጋዬ ራስጌ ትቆማለች፤ ዓይኗን ጨፍና ትጸልይና እኔ ስውጥ ደግሞ ዓይኗን ትከፍታለች። በጌታ ታምናለች፤ በእኔ ግን አታምንም። አልፈርድባትም።

ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? አፍንጫዬ ተመለሰ። መድኃኒቱ መጠጥን ብቻ ያስጠላል ብዬ ነበር፤ መጠጡ ሲወጣ ግን ሲጠራቀም የኖረው ጽያፍ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝ። መጀመሪያ ትራሴን አየሁት። ካርታ ነበር፤ አህጉራቱ ሁሉ አሉበት፤ ቢጫ ባሕር፣ ቡናማ የብስ። እዚያ ላይ ነው ፊቴን አድርጌ የኖርኩት? ማቅለሽለሹ ከእግር ጥፍሬ ጀመረኝ። ትራሱን፣ ፍራሹን፣ ኮቴን ጓሮ ማንጎው ሥር አቃጠልኳቸው። ጭሱ እንኳ አረቄ አረቄ ይል ነበር፤ ጎረቤት በቀርከሃው አጥር በኩል አሽትቶ «ዛሬ ደግሞ እቤት ማውጣት ጀመራችሁ?» አለኝ። የጥርስ ብሩሼ አስጸየፈኝ። ብብቴ አስጸየፈኝ። ሥጋ ወጥ ላይ የረጋ ቅባት፣ የጎረቤት ልጅ ንፍጥ፣ መስታወት ውስጥ ያለው የከንፈሩ ጥግ የደረቀ ሽማግሌ፣ ሁሉም አስጸየፈኝ። ፀጉር ቤት ሄጄ ተላጭቼ ስጨርስ ፀጉር አስተካካዩ የአልኮል ጠርሙሱን አንስቶ ወደ ማጅራቴ ሲመጣ፣ ከነፎጣው ብድግ ብዬ ወጣሁ። በመንገዱ ሁሉ ፎጣ አንገቴ ላይ አድርጌ እንደ ቦክሰኛ ስሄድ ያየኝ ሰው ምን እንዳለ አላውቅም፤ የሚለው አያጣም።

ባለቤቴ ግን ደስታዋን መሸከም አቃታት። ባምባሲ ደወለች፤ ልጃችን «ቆይ እስቲ፣ ይቆይና እናያለን» አለቻት። ይህች «እናያለን» ትልቅ ነገር ነበረች። ስለዚህ ባለቤቴ የምስጋና ጸሎት እቤታችን አዘጋጀች፤ የጸሎት ቡድኗን፣ ሽማግሌዎቹን፣ ከሁሉም በላይ የልጃችንን አማት ጠራች። አማቲቱ መጥታ፣ በዓይኗ አይታ፣ ባምባሲ ተመልሳ እንድትመሰክር ነው። ክርክር የሚያበቃው በባላጋራ ምስክርነት ነው።

ለዚህም ቅሪቦ ጠመቀች።

እዚህ ላይ ስለ ቅሪቦ አንድ ነገር ልበል። ገብስ ይቆላል፣ ይጠቁራል፣ ይፈላል፤ ስኳርና ትንሽ እርሾ ይገባበታል፤ አድሮ ይጠጣል። ጥቁር፣ ጣፋጭ፣ አረፋ ያለው ነው። እኛ ከተማ ሙስሊሙም ጴንጤውም ሠርጉን የሚያሳልፈው በእሱ ነው፤ መጠጥ አይባልም። መጠጥ የማይጠጡ ሰዎች የሚጠጡት ነው። ባለቤቴ ደግሞ በቅሪቦዋ የታወቀች ናት፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ሠርግ ያለ እሷ ጀሪካን አይደገስም። ሲስተሯ «ሌላ የሚጠጣ አለ?» ስትለን ከሁለታችንም አፍ ያልወጣው ለዚህ ነው። ሰው «ሌላ ምን ትጠጣለህ?» ሲባል ሾርባን አይቆጥርም።

ቅሪቦው የተጠመቀው ለቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ ግን ፓስተሩ ለቅሶ ሄዱና ጸሎቱ ለሌላ ቀን ተላለፈ። ጊዜው ሚያዝያ ነው፤ የአሶሳን ሚያዝያ የቀመሰ ሰው ያውቀዋል፤ ቆርቆሮው ራሱ ይጮኻል። ቢጫው ጀሪካን ከማድ ቤቱ ጀርባ ተቀመጠ፤ ቀን በቀን ሆዱን እየነፋ ሄደ። በጸሎቱ ዕለት ባለቤቴ ክዳኑን ስታላላው እንደ ተናደደች ድመት እፍ አለባት። ቀምሳ «ትንሽ ኮምጠጥ ብሏል» አለችና ስኳር ጨመረችበት።

ሰዎቹ መጡ። አማቲቱ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ከፊት ተቀመጠች፤ እኔ አጠገቧ። በሕይወቴ እንዲያ ተከብሬ አላውቅም። ብርጭቆ ሲታደል ለእኔም ደረሰኝ፤ ዘመኔን ሙሉ ሰው ሲጠጣ የምፎካከር ነኝና ሁለቴ ጨለጥኩ። ከጠጪዎች ጋር ያለ ኃጢአት ብርጭቆ ማንሳት ምን ያህል ደስ እንደሚል ልነግራችሁ አልችልም።

ከዚያ ሽማግሌው ተነሥተው መጸለይ ጀመሩ። «ይህን ወንድማችንን ከመጠጥ እስራት የፈታህ አምላክ...» ሲሉ ጆሮዬ ጋለ። «ፊቱን ያበራህለት...» ሲሉ ፊቴ በርበሬ መሰለ። ልቤ አንገቴ ውስጥ ገብታ ትደልቃለች። ትንፋሽ አጠረኝ። ተነሥቼ ልወጣ አሰብኩ፤ ግን በጸሎት መሃል መነሣት ነውር ነው ብዬ፣ እኔ ስለ ነውር የማውቅ ይመስል፣ ቁጭ አልኩ። «አሜን» ሲባል እኔም አፌን ከፈትኩ።

የወጣው አሜን አልነበረም።

ልገልጸው አልፈልግም፤ ግን እንድትጸየፉልኝ እፈልጋለሁ። ጥቁር ነበር፤ አረፋ ነበረው፤ የምሳ ምስሩ ተለይቶ ይታይበት ነበር። ከነሙቀቱ አማቲቱ ነጭ ቀሚስ ላይ ነው ያረፈው። በአፍንጫዬም ወጣ። ሴትየዋ ብድግ ስትል ከጭኗ ላይ ወደ ጫማዋ ፈሰሰ፤ ጫማዋ ክፍት ነበር። ድምጹን እስካሁን እሰማዋለሁ።

«ጠጥቷል!» አለች አማቲቱ ቀሚሷን በሁለት ጣቷ ይዛ። «ፊቱን እዩት! ሽታውን አሽቱት! ለዚህ ነው ከባምባሲ ያስመጣችሁኝ?»

ባለቤቴ ትከሻዬን ያዘችኝ። «የት ነው የደበቅከው? ንገረኝ፣ የት ደብቀህ ጠጣህ?»

«ካንቺ እጅ» አልኩ በማቃሰት።

«ቅሪቦ ነው የጠጣው» አለ አንዱ።

«ቅሪቦማ ሁላችንም ጠጣን! እኛ ምን ሆንን?» አለች አንዲት ወይዘሮ። ምንም አልሆነችም፤ ከዚያ በፊት ድምጿ ተሰምቶ የማያውቅ ሴት ያን ቀን ዝማሬውን ከሁሉ በላይ እየጮኸች መምራቷን ግን ልብ ብዬ ነበር።

ባጃጅ ተጠራ። ሹፌሩ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ነው፣ አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም፤ ሰፈራችንን ሲያመላልስ የሚውል ደግ ሰው። እያየኝ «አባባ፣ ወላሂ፣ ባጃጅ ውስጥ አታስመልሺ! አሁን ነው ያጠብኩት!» ይለኛል። መንገዱን ሁሉ ጭንቅላቴን አውጥቼ እያስመለስኩ ተጓዝኩ፤ በአፌ የሄድኩ እንጂ በባጃጅ የሄድኩ አይመስለኝም።

ሲስተሯ የደም ግፊቴን ለካች፤ ወርዷል፤ ግሉኮስ ሰካችልኝ። ልቤ ሲረጋ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ ምን ጠጡ? እውነቱን ይንገሩኝ፤ አልቆጣም።»

«ቅሪቦ።»

ወደ ባለቤቴ ዞረች። «ምን ያህል የቆየ?»

ባለቤቴ ቀኑን በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች።

«እርሾና ስኳር ገብቶበት በዚህ ሙቀት ከተቀመጠ አልኮል ያወጣል» አለች ሲስተሯ። «ለጤነኛ ሰው አይታወቅም። ለእሳቸው ግን ትንሿ ትበቃለች። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ በስሙ መጠየቅ ነበረብኝ።»

«ሲስተር፣ ቅሪቦ እኮ ነው!» አለች ባለቤቴ። «ፓስተራችን የሚጠጡት! የልጄን ሠርግ የሠራሁበት!»

ሲስተሯ የግሉኮሱን ፍጥነት አስተካከለች። የባለቤቴ ፊት ላይ ያኔ ያየሁትን እኔ ነኝ የማውቀው። እኔ ነጻ እንድወጣ እሷ «ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ አልኮል አጠጥቻለሁ፤ ምናልባትም በየሠርጉ» ማለት አለባት። አርባ ዓመት «አረቄ አቅርቡልኝ እንዳትል» ስትለኝ የኖረች ሴት ናት።

እዚያው ተኝቼ ሳለሁ ልጃችን ደወለች። አማቲቱ ቀድማ ደውላላታለች። ባለቤቴ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ግድግዳ ግድግዳ እያየች «አሞት ነው ልጄ። አሞት ነው» ብቻ አለች፤ ቅሪቦውን አላነሳችም። ልጃችን ያለችውን ከአልጋዬ ሰማሁት፦ «ይበቃል እማዬ። አማቴ ጋ ነው የምታረሰው።»

የእንሽላሊቷ ሆድ ያላስጸየፈኝ ሰውዬ በዚያች ዝምታ አንገቴ ድረስ ተጸየፍኩ። ባለቤቴን አልልም፤ ነገሩን። መጠጡንም፣ ክኒኗንም፣ ጸሎቱንም፣ ጨዋነትንም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማንም ሊያምነው የማይችለውን ይህን ፊቴን። ሰው ሰላሳ ጊዜ ዋሽቶ አንዴ እውነት ቢናገር ማን ይሰማዋል? እኔም ብሆን አላምነኝም።

ከሆስፒታል በወጣሁ ማግስት፣ ከምሳ በኋላ፣ እግሬ ራሱ ወደ ገበያው ጀርባ ወሰደኝ። የጥንት ጓደኛዬ፣ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር፣ እዚያው ወንበሩ ላይ ነበር። ወንበሩ ላይ በቅሏል ብል ይሻላል።

«እንኳን ወደ ቤትህ መጣህ!» ብሎ ተነሥቶ አቀፈኝ። ትንፋሹ ፊቴ ላይ ተለሰነ። «ሰማን እኮ! በጴንጤዎች ጸሎት መሃል ጀግና! አንዴ ለመምህር በሉ!»

መለኪያው ፊቴ ቀረበ። ጠርዙ ላይ የሌላ ሰው ከንፈር ቅባት አለ።

«አልጠጣሁም እኮ» አልኩት። «ቅሪቦ ነው የጣለኝ።»

እስኪያስለው ሳቀ፤ ከሳቁ ጋር የወጣችው አክታ ጠረጴዛው ላይ አረፈች። በእጅጌው ጠረጋትና በዚያው እጅጌ አፉን ጠረገ። «ቅሪቦ! እሺ ቅሪቦ ይሁንልህ። ግን አንተ ሽማግሌ፣ አስበው እስቲ። ስትጠጣ ሰካራም ትባላለህ። ሳትጠጣም ሰካራም ተባልክ። ስሙ ካልቀረልህ መጠጡ ለምን ይቅርብህ?»

ሂሳቡ ልክ ነው። መለኪያውን አነሳሁ። ሽታው ደረሰኝ፤ ምራቄ አፌ ውስጥ ሞላ፤ አማረኝ፤ እጅግ አማረኝ። በዚያው ቅጽበት ልቤ ደረቴ ውስጥ እንደ ታሰረች ዶሮ ተንፈራገጠች። ክኒኗ እዚያው ናት። የአማቲቱ ጫማ ውስጥ የገባው ጥቁር ነገር ዓይኔ ላይ መጣ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ፈሪ ነኝ። ትውኪያዬን ፈርቼ ነው ያስቀመጥኩት።

«አፍንጫህን ይዘህ ጨልጠው!» አለኝ ጓደኛዬ።

«አንተው ጠጣልኝ» አልኩት። አላስለመነኝም፤ የመለኪያዋን ጠርዝ ሳይጠርግ ገለበጣት። ወጥቼ ቦዩ ዳር ቆምኩና ምራቄን ተፋሁ፤ ተፋሁ፤ አላልቅ አለኝ።

ቤት ስመለስ ባለቤቴ የለችም። ጀሪካኑም የለም።

የሆነውን የነገረችኝ ልጄ ናት፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ስልኩ ላይ አልለይም ነበር። ባለቤቴ የተረፈውን ቅሪቦ ተሸክማ በሚኒባስ ባምባሲ ሄደች። ተሳፋሪው ጀሪካኑን ጋዝ መስሎት እንዲወርድ ጠይቋል። አማቲቱ ቤት ገባች፤ ልጃችንን አስጠራች፤ ጀሪካኑን መሃል ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«ባለቤቴ አልጠጣም» አለች። «ያጠጣሁት እኔ ነኝ። እናንተንም አጠጥቻችኋለሁ። አሽቱ።»

ይህን ብላ ክዳኑን ፈታችው። የሚኒባሱን ኮረኮንች ሁሉ ጠጥቶ የመጣ ቅሪቦ እስኪፈታ ብቻ ነበር የሚጠብቀው። ተፈናጠረ። እስከ ጣራው ነው የሄደው ትላለች ልጄ፤ የልጄን ማጋነን ብቀንስለት እስከ አማቲቱ ሻሽ ደርሷል። ምስኪን ሴት፦ አንዱን ልብሷን እኔ ተፋሁበት፣ ሌላውን ባለቤቴ ረጨችበት።

«አሸተትሽ?» አለች ባለቤቴ፣ ከአገጯ እየተንጠባጠበ።

አማቲቱ እጅግ ተቆጣች። ለልብሱ አይደለም፤ እሷም ለልጇ ሠርግ የቀዳችው ከዚያው ከባለቤቴ ጀሪካን ስለሆነ ነው። «እንግዲህ እኛም ሰካራም ልንባል ነው?» አለች። እስከ ዛሬም ከእኛ ጋር ሰላምታዋ በሩቁ ነው። በጸሎት ቡድኑም ነገሩ ሁለት ወገን አወጣ፤ ግማሹ ቅሪቦ አድሮ ብቻ ይጠጣ አለ፤ ግማሹ ደግሞ ባለቤቴ ባሏን ልታስተርፍ የቤተ ክርስቲያኑን ስም አጠፋች አለ። ለሠርግ ቅሪቦ የሚጠራት ቀረ። ሰዎቹ በለስላሳ ማሳለፍ ጀመሩ። እሷ ከባምባሲ በተመለሰች ማግስት ጠዋት ክኒኗንና ውሃውን ይዛ ራስጌዬ ቆመች። እኔ ግን እጇን ይዤ ትንሽ ቆየሁ። ሽማግሌ ስለሆንኩ እንዲህ ያለ ነገር አያምርብኝምና ቶሎ ለቀቅኋት።

ልጄ ሴት ልጅ ወለደች። ከሆስፒታል የወጣች ዕለት ባጃጁ በራችን ላይ ቆመ፤ ባለቤቴ እልል አለች። ልጄ ሕፃኗን ደረቷ ላይ ታቅፋ ወረደችና ደፉ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«አባዬ፣ ና» አለችኝ። «ተንፍስ።»

እንደ ተማሪ ቆሜ ፊቷ ላይ ተነፈስኩ። ፊቷ ተጨማደደ፤ ሕፃኗን ወደ ኋላ አሸሸቻት።

«ኧረ በጌታ! ምንድን ነው ይሄ? የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት ነው የሚሸተው!»

«ክኒኗ ናት» አለች ባለቤቴ ቶሎ ብላ። «አንዳንዱን ሰው እንዲህ እንዲሸት ታደርገዋለች፤ ሲስተሯ ነግራናለች።»

ልጄ አፍንጫዋን ይዛ እንደገና አሸተተችኝ፤ በደንብ፣ ጊዜ ወስዳ፣ ሥጋ እንደምትመርጥ ሴት። ከዚያ ፊቷ ቀስ እያለ ተፈታ።

«ያስጠላል» አለች። «አረቄ ግን አይደለም። ልጄን ግን እንዳትስማት፤ እሺ?»

«እሺ» አልኩ። «እኔም ብሆን ራሴን አልስምም።»

ሳቀች። ደፉን ተሻግራ ገባች። ስትገባ ግን ከክንዷ ላይ አንድ ፌስታል አውርዳ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«የመንገዱ ዳይፐር ነው። ጓሮ ቅበርልኝ አባዬ።»

ፌስታሉ ሞቅ ያለ ነበር። ቋጠሮውም በደንብ አልተቋጠረም። ሽታው ሲደርሰኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ከአፍንጫዬ አርቄ፣ ክንዴን እንደ ሰንደቅ ዘርግቼ፣ እየተንገፈገፍኩ ወደ ጓሮ ሄድኩ።